ጫማው አልሆናቸውም፦ ወደ ገጠር ለአገልግሎት ለምትወጡ፣ ከምሥራቅ ጎጃም

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየጽዋ ማኅበሩ «ዘንድሮ ለአገልግሎት ወዴት እንውጣ?» የሚል ወሬ ይጀመራል። ልብስና ጫማ ይሰበሰባል፣ አውቶቡስ ይከራያል፣ ስም የታተመበት ቲሸርት ይሠራል። ሰሞኑንም ደውለው «እናንተ ጎጃም ስትመላለሱ ኖራችኋል፤ ምን ይዘን እንሂድ?» ያሉኝ ወጣቶች አሉ። ለእያንዳንዱ በስልክ የምነግረውን እዚህ ላስፍረው። እኛ ገንዘብና ጊዜ አውጥተን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው አሳፍረን ያወቅነው ነገር ስለሆነ እናንተ በነጻ ብታውቁት ደስ ይለኛል።

አዲስ አበባ የምንገኝ የአንድ ደብር የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ነን። መሐላችን ነርስ፣ መምህር፣ ባለሱቅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። የበጎ አድራጎት ክፍሉን አስተባብር በነበረበት ጊዜ፣ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ የምሥራቅ ጎጃም ተወላጅ ወንድማችን «እኛ አገር እግሩ ያበጠ ሰው ብዙ ነው። ጫማ የለውም፤ በባዶ እግሩ ነው የሚሄደው» ብሎ ነገረን። ከነገረን ሁሉ ልባችን ውስጥ የቀረው «ጫማ የለውም» የሚለው ነው። ጫማ መሰብሰብ ለአዲስ አበባ ሰው ቀላል ነው። በጥቂት ሳምንታት የደብሩ አዳራሽ ግማሹ በስኒከር፣ በቆዳ ጫማ፣ በሴት ሸበጥና በልጆች ጫማ ተሞላ። «እግሩ ያበጠ ሰው ስንት ቁጥር ያደርጋል?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ጉዞውን አላረዝመውም። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎሐ ጽዮንን አልፎ የአባይን በረሃ መውረድና መውጣት፣ ከዚያ ደጀን፣ ሉማሜ፣ ማርቆስ። ከአስፋልቱ ወደ ገጠሩ ሲገነጠሉ አፈሩ ቀይ ነው። በበጋ እንደ በርበሬ ዱቄት ይቦናል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ እግር ላይ ተጣብቆ አልለቅ ይላል። እኛ ያን ጊዜ «የጎጃም መሬት እንዴት ያምራል!» እያልን በመስኮት እናይ ነበር። የምንፈልገው በሽታ ከዚያው አፈር የሚመጣ መሆኑን አላወቅንም።

የደረስንበት ቀን በዓል ስለነበረ ሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ አልተበተነም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ባለው መስክ ላይ ሸራ አንጥፈን ጫማውን ዘረገፍነው፤ ሰውም ተሰለፈ። ከተሰለፉት መሐል አንዲት እናት ነበሩ። ተራቸው ሲደርስ እግራቸው አልራመድ አላቸው፤ ከኋላ ያሉት «ይሂዱ እንጂ፣ ይሂዱ» እያሉ ገፋፏቸው። ቀሚሳቸው መሬት ይጠርጋል፤ እንዲያ ያስረዘሙት እግራቸውን እንዲሸፍንላቸው መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። አንዷ እህታችን በርከክ ብላ እግራቸውን ያዘች። ጣቶቹ በእብጠቱ ተውጠዋል፣ የእግሩ ጀርባ ጓጉሎ ጠጥሯል፣ ከጣቶቹ መሐል ፈሳሽ ይወጣል። ከያዝነው ሁሉ ትልቁ 45 ቁጥር የወንድ ስኒከር ነበር። ክሩን ከነአካቴው አወጣችው፣ ምላሱን ወደ ውጭ ገለበጠችው፤ ጣታቸውን እንኳ አላስገባም። ደግማ ሞከረች። ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያያል፤ ከእኛው ልጆች አንዱ ደግሞ በስልኩ ይቀርጻል። እናትየዋ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉና «ተይው ልጄ፣ አትድከሚ። የኔ እግር ለጫማ አልተፈጠረም» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከክምሩ ውስጥ አንድ የልጅ ጫማ አነሡ። «ይቺ ግን ለልጄ ትሆናለች» ብለው በብብታቸው ሸጉጠው ሄዱ።

እሳቸውን ያዩ ሌሎች ሕሙማን ከሰልፉ አንድ በአንድ ወጡ። ጫማው በሰዓቱ አለቀ፤ የወሰደው ግን እግሩ ጤነኛ የሆነው ሰው ነው። ማታ ባረፍንበት ቤት ውስጥ ብዙም የተናገረ ሰው አልነበረም። ያቺ እህታችን እያለቀሰች ራቷን ሳትበላ ተኛች።

በማግሥቱ ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ ሄድን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ገና ከበር ሳንገባ «ስትመጡ ለምን አልነገራችሁኝም? እኔ እኮ ቤት ለቤት ነው የማውቃቸው» አለችን። መዝገቧን አውጥታ አሳየችን። ማን ምን ያህል እንደቆየበት፣ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን ደግሞ ከቤቱ መውጣት እንዳቆመ ሁሉም አለ። እኛ ከአዲስ አበባ ድረስ ስንፈልገው የመጣነው መረጃ አንድ ስልክ ብንደውል ኖሮ በእጃችን ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ምንም ነገር ከመሰብሰባችሁ በፊት ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጉዳያችሁን አስረድታችሁ ከጤና ኬላው ጋር ተገናኙ። ፈቃዱም የሚገኘው በዚያው መንገድ ነው፤ የሚያስፈልገውንም በትክክል የምትነግራችሁ እሷ ናት።

ስለ በሽታውም ያስረዳችን እሷና አብራን የነበረችው ነርስ ናቸው። በዘመናዊው ሕክምና ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ሰዉ ዝሆኔ ይለዋል። በተዋሲያን ወይም በትንኝ አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ፣ ደቃቅ ማዕድኑ በቆዳ ውስጥ እየሰረገ የሊምፍ ቧንቧዎችን (ከሥጋ ውስጥ ፈሳሽ የሚመልሱትን) ያስቆጣል፤ እግሩ ከታች ጀምሮ ያብጣል። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ስላለ አንዱን ቤተሰብ ደጋግሞ ይይዛል፣ ጎረቤቱን ይተዋል። «እርግማን ነው»፣ «ከነሱ ጋር አትጋቡ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ከቀይ አፈሩ ጋር ያለውን ግንኙነት በጥናት ያሳየው በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ በአገራችን 1.5 ሚሊዮን የሚሆን ሰው እንዳለበት ይገመታል።

ይህን ስሰማ ያቺ የልጅ ጫማ ትዝ አለችኝ። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአፍላ ወጣትነት ነው። ከልጅነት ጀምሮ የተዘጋ ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ደግሞ ሕመሙን ይከላከላል። እናትየዋ ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ ለቤታቸው የሚጠቅመውን ትክክለኛውን ነገር መርጠው ነው የሄዱት። ከዚያ ወዲህ የልጆች ጫማ ስንሰበስብ ሕሙማን ላሉባቸው ቤቶች ልጆች በቁጥር ለይተን ነው። ሸበጥ፣ ኮንጎ ጫማ ወይም በረባሶ አንቀበልም፤ አፈር ያስገባልና።

ጤና ኬላው ስለ እግሩ ካስረዳን በኋላ፣ ስለ ልብ ያስረዱን የደብሩ ቄሰ ገበዝ ናቸው። እኛ ጫማ ስለማዘዝ፣ በልክ ስለማሠራት እናወራ ነበር። አባ ዝም ብለው ሰሙንና «ልጆቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ወልቆ ነው የሚገባው። ጫማ ብትሰጧቸው እበሩ ላይ ያወልቁታል፣ እግራቸው ይታያል። እነዚህ ሰዎች ከቅጽሩ ውጭ ቆመው የሚያስቀድሱት ጫማ ስላጡ አይደለም፤ ሰው ስለሚጸየፋቸው ነው» አሉን። እኔ ያደግሁት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማዬን እየፈታሁ ነው፤ ይህ ግን አንድም ቀን በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም። ለሌላው የአክብሮት ምልክት የሆነው ነገር ለእነሱ የሰው ዓይን የሚያርፍበት ሰዓት ነው።

ቄሰ ገበዙ ከጤና ሠራተኛዋ ጋር ተነጋግረው፣ በሽታው እንደማይጋባና እርግማን እንዳልሆነ ከቅዳሴ በኋላ በተደጋጋሚ አስተማሩ። እኛ ብንለው «የከተማ ልጆች ወሬ» ተብሎ ይቀር ነበር። በዚያው ዓመት ጸሎተ ሐሙስ ላይ፣ እንደ ሥርዓቱ የሕጽበተ እግር ጸሎት ሲደርስ፣ አባ ከውጭ የቆሙትን ሕሙማን በስም ጠሯቸው። ውኃው በኩስኩስት ቀረበ፤ የወይራና የወይን ቅጠሉን ይዘው ያበጠውን እግር አጠቡ። ሕዝቡ ያያል። እኛ ከዚያ ቀን በፊት ገንዘብ ያወጣንበት ነገር ሁሉ ቢደመር ያን ያህል አልሠራም። አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ከበዓሉ በኋላ እግሩ ያበጠ ጎረቤታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ጠርተው ጠላ እንዳጠጡት ሰምተናል። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በምትሄዱበት ቦታ ሕዝቡ የሚሰማው ማንን እንደሆነ እወቁ፤ ንግግሩን ለእሱ ተዉለት።

ከዚያ ሥራችን ተለወጠ። የጫማ እደላ ቀርቶ የእግር አጠባበቅ ሥልጠና ሆነ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ውኃ በሳፋ ይቀርባል፣ እግሩ በሳሙና ይታጠባል፣ ጥቂት በረኪና በገባበት ንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ በጨርቅ ይደርቃል፤ በተለይ በጣቶች መሐል እርጥበት መቅረት የለበትም። ቫዝሊን ይቀባል፣ ካልሲና የተዘጋ ጫማ ይደረጋል፣ ቁጭ ሲባል እግሩ ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። ይህ በየቀኑ ነው። የበረኪናውን ልክ ከራሳችሁ አታምጡ፤ ከበዛ ቆዳውን ያቃጥላል፤ የጤና ባለሙያዋ በእጇ ታሳይ። ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት መስፈሪያ ብንሰጥ ይሻላል ብለን የጠርሙሱን ክዳን መለኪያ ያደረግነው እሷ ለክታ ከነገረችን በኋላ ነው።

«እግር መታጠብ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?» የሚሉ አሉ፤ እኛም ብለናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ አንድ ጥናት የተካሄደው እዚያው ምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ ውስጥ ነው። 700 ገደማ ሕሙማን ተሳትፈውበታል። እግር መታጠቢያው፣ ቅባቱ፣ ካልሲውና ጫማው ወዲያው የተሰጣቸው ሰዎች ሕመሙ በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ያህል ተነሣባቸው፤ በኋላ እንዲሰጣቸው የዘገዩት ደግሞ 24 ጊዜ ያህል። ሕመሙ ሲነሣ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው የእነዚያን ቀናት ዋጋ ያውቃል። እግሩ ይግላል፣ ትኩሳቱ ከብርድ ብርድ ጋር ይመጣል፣ ሰውየው ለቀናት ከመደብ አይወርድም። በእርሻ ወቅት ከመጣበት ማሳው ጾሙን ያድራል።

ከመታጠቡ ሁሉ የከበደን ውኃው ነው። እኛ ሳሙናና ሳፋ አድለን «በየቀኑ ታጠቡ» አልን። በቀጣዩ ጉብኝት አንድ አባት ሳፋውን እህል ሲያንፈሱበት አገኘናቸው። ለምን እንደማይታጠቡ ስንጠይቃቸው «ውኃው እታች ወንዝ ነው። ወርጄ ስወጣ እግሬ ይነሣብኛል። ታጥቤ ከምታመም ሳልታጠብ ብቀመጥ አይሻልም?» አሉ። መልስ አልነበረንም። በኋላ ለብቻው ለሚኖር ሕመምተኛ ከሰፈሩ ልጆች አንዱ በቀን አንድ ጀሪካን እንዲያመጣ እድሩ አስማማ። ለልጁ ደብተርና እስክሪብቶ እኛ እንገዛለን። በሄዳችሁበት አገር «ውኃው ከየት ነው የሚቀዳው? ማን ነው የሚቀዳው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከተቻለም አንድ ቀን ራሳችሁ አብራችሁ ቅዱ። በነገራችን ላይ ያው ውኃና ሳሙና ለልጆች ፊትም ነው። አማራ ክልል ትራኮማ በተባለው የዓይን በሽታ ክፉኛ ከተጠቁት የዓለማችን አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ፣ እግር ለማጠብ በቀረበው ውኃ እናቶች አስቀድመው የልጆቻቸውን ፊት እንዲያጥቡ እናበረታታለን።

ጫማውስ? ጫማው ያስፈልጋል፤ ግን በልክ የተሠራ፣ ደግሞም በጊዜው። ለወራት በትክክል የታጠበ እግር እብጠቱ ይቀንሳል። መጀመሪያ ቀን ለክታችሁ ብታሠሩ ከወራት በኋላ ይሰፋል። እኛ መጀመሪያ እንዲታጠቡ እናደርጋለን፤ ቁስሉ ሲደርቅና እብጠቱ ሲረጋ ነው የምንለካው። እግሩን ወረቀት ላይ አቁመን ዙሪያውን በእርሳስ እንሥላለን፣ የጀርባውን ከፍታና የቁርጭምጭሚቱን ዙሪያ በሜትር እንለካለን፣ ሁለቱንም እግር ለየብቻ። ከዚያ ማርቆስ ላለ ጫማ ሠሪ እንሰጣለን። ሥራው በሽታውን ከሚያውቁት ጋር ከሆነ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ኢንተርናሽናል ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቻሪቲስ የተባለው የረድኤት ድርጅት በደብረ ማርቆስና አካባቢው በዚህ ሥራ ላይ ለዓመታት ስለቆየ፣ ከእኛ በፊት የተሠራውን ጠይቀን ብዙ ተምረናል። በደቡብም ወላይታ ውስጥ ዕድሜያቸውን በአመዛኙ በአገራችን ያሳለፉት ሚሲዮናዊ ሐኪም ዶክተር ናታን ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመሩት ሥራ ሕሙማኑን ራሳቸውን ጫማ መሥራት እስከማስተማር ደርሷል። እሳቸው የመጡት ለሁለት ሳምንት አልነበረም፤ ቋንቋውን ተምረው፣ ልጆች አሳድገው፣ አርጅተው ነው።

ይህን የምለው ለአጭር ጊዜ የሚመጣውን ለማሳነስ አይደለም። ከውጭ አገር ለጥቂት ቀናት የመጡ ክርስቲያን ወንድሞችና እህቶች አብረውን ሠርተዋል። ከእነሱ መሐል አንዲት በዕድሜ የገፉ ነርስ ነበሩ፤ አማርኛ አይችሉም። ሌሎቹ ፎቶ ሲያነሡ እሳቸው ሳፋው አጠገብ በርጩማ ስበው ቁጭ ብለው የአንዲትን ሴት ጥፍር እየቆረጡ፣ የጣቶቿን መሐል እያደረቁ ዋሉ። ሴትዮዋ ስትሸኛቸው እጃቸውን ሳመች። አጭር ጊዜ ካላችሁ አንድ ሰው ላይ እንዲህ ቁጭ በሉ። የቀረው የብዙዎቻችን ችግር ቀኑ ሳያልቅ ሁሉንም ለመንካት መሯሯጣችን ነው።

ስለ ስልኩ ካሜራም ልናገር። ያ በመጀመሪያው ቀን የተቀረጸው ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ነበር። አንድ ማርቆስ የሚማር ልጅ እናቱን አየ። ደውሎልን ሲያለቅስ «እናቴን ለምን?» ከማለት ሌላ አልተናገረም። ምስሉን አወረድነው፤ ሌሎች ያጋሩትን ግን ማውረድ አልቻልንም። አሁን ደንባችን የሳፋውንና የጫማውን ፎቶ ማንሣት ነው፤ የሰው እግርና ፊት አንድ ላይ አናነሣም። ለጋሽ ማስረጃ ከጠየቀ ደረሰኝና የጤና ኬላው መዝገብ ይበቃዋል።

ምግብ ሲያቀርቡላችሁ ብሉ። አንዲት እግራቸው የታመመ እናት ቤታቸው ከታጠቡ በኋላ ቆሎና እንጀራ አቅርበው «አፈር ስሆን፣ ቅመሱልኝ» ሲሉ፣ ከእኛ መሐል «ጠግበናል» ያለ ነበረ። የቤቱ ሁሉ ፊት ጠቆረ። በሽታው አይጋባም ብለን ስናስተምር ውለን ከእጃቸው ካልበላን ማን ያምነናል? አብራን የነበረችው የጤና ሠራተኛ ወዲያው እጇን ታጥባ ተቀመጠች፣ ለሴትዮዋም አጎረሰች፣ ሴትዮዋም አጎረሷት። ጎረቤቶች በበሩ ያዩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥልጠናው የሚያልቀው በአንድ ገበታ ነው።

የሀገሩን ቀን አቆጣጠር ሳታውቁ አትነሡ። በሁዳዴ ወተት ያለበት ብስኩት ጭኖ የሄደ ቡድን አውቃለሁ፤ እናቶቹ ተቀብለው አመሰገኑ፣ ማንም አልቀመሰውም። ከሰኔ ጀምሮ እርሻ ነው፣ መንገዱም ጭቃ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ቤት ውስጥ ሰው አታገኙም። ከጥር እስከ መጋቢት ይሻላል። ወር በገባ በ12፣ በ21፣ በ29 እና በመሳሰሉት በዓላት ገበሬው ስለማያርስ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በቀላሉ ይሰበሰባል። የገበያ ቀን ግን ተዉት።

መድኃኒት በሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ። ሐኪም ቢኖራችሁም ሕክምናው በጤና ጣቢያው በኩል ይሁን፤ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሰውየው ሲታመም የሚሄደው እዚያ ነውና። «ጸበሉን ትታችሁ ሳሙና ያዙ» አትበሉ። አንድ ሰው ስለዚህ ሲጠይቃቸው ቄሰ ገበዛችን «ጸበሉም ሳሙናውም ከእግዚአብሔር ነው፤ ሁለቱንም ተጠቀም» ብለው ዘግተውታል። ከተለያየ ቤተ እምነት የምትመጡም እርዳታውን ከስብከት ጋር አታያይዙት። ሳሙና ለመቀበል ሃይማኖቱን የሚጠየቅ ድሃ ከሳሙናው ይልቅ መጠየቁን ነው የሚያስታውሰው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭቱ ከተነሣ ወዲህ መንገዱ ለእኛ ተዘጋ። ኢንተርኔቱም ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ፤ ብር መላክ አልተቻለም። ሥራችን የተፈተነው ያኔ ነው። ዜና ስናገኝ በየቤቱ እግር መታጠቡ አልቆመም። ሕሙማኑ በእድር መልክ ተሰባስበው በየወሩ ጥቂት ብር ያዋጡ ነበር፤ ከዚያ አስቀድመን ገንዘብ ያስቀመጥንበት የገበያው ባለሱቅ ሳሙናና ቫዝሊን በመዝገብ ይሰጣቸዋል። ውኃ የሚያመጡት ልጆች አድገው ለታናናሾቻቸው አስረክበዋል። በአንጻሩ እኛ ራሳችን ከአዲስ አበባ እያመጣን እናድል የነበረው በረኪና በወሩ አለቀ፤ ካልሲውም እንደዚያው። እናንተ እዚያው ገበያ ከሚገኘው ነገር ውጭ ለዕለት ተዕለቱ ሥራ ምንም አታስገቡ። ባለሱቁ ጋር የሚቀመጠውን ብር ለሦስት ሰው አስፈርሙ፤ ከሕሙማኑ አንድ፣ ከደብሩ አንድ፣ ከእድሩ አንድ።

ያልዘለቀው የጫማው ሥራ ነው። ጫማ ሠሪው ቆዳና ሶል የሚመጣለት ከአዲስ አበባ ስለነበረ መንገዱ ሲቋረጥ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ የተለኩ እግሮች ወረቀት ላይ ተሥለው መደርደሪያው ላይ ቀሩ። ስለዚህ የምትችሉ ከሆነ ከሰላሙ ጊዜ ጀምሮ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ቆዳ፣ ሶልና ክር ግዙለት። ቆዳው ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አይበላሽም። ሙጫው ግን አንዴ ከተከፈተ ስለሚደርቅ በትልቅ ጣሳ ሳይሆን በትንንሹ ይሁን።